የአረጋውያን ቁጥር በየቀበሌው ይታወቅልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጎንደር

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር
ለማዕከላዊ ጎንደር ዞን አስተዳደር
ለሁለቱም የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች
እንዲሁም ጉዳዩ ለሚያሳስበው የከተማና የገጠር ነዋሪ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ፤

ባለፈው ሐምሌ ለቀብር ወገራ ሄጄ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚወስድ ጎጥ ነው፤ የተወለድኩበት። ሟች የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል በዕድሜ ትንሹ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው የአጎቴ ልጅ ነበር። ከቤት እስከ ደብሩ ያለችውን አቀበት አራት ጊዜ አርፈው ወጧት። በልጅነቴ እዚያች አቀበት ላይ ሬሳ አርፎ አላይም፤ ተሸካሚው እየተቀባበለ፣ እየተሻማም ጭምር ነበር የሚወጣት። መቃብሩን የቆፈሩት ሰዎች ሲጨርሱ ከጉድጓዱ የወጡት እጃቸውን ተይዘው ነው።

ወጣቶቹ የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅኩም። ሐምሌ የሰሊጥ አረም ወቅት ነው፤ መተማ ናቸው፣ ሁመራ ናቸው። ከአረሙም ከአጨዳውም በኋላ የማይመለሱ አሉ፦ ጎንደር የቀን ሥራ የያዙ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የገቡ፣ ወደ ሱዳን ተሻግረው ድምፃቸው የጠፋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የቀጠለው ግጭት ደግሞ የሄደው እንዳይመለስ፣ ያለው እንዳይረጋጋ አድርጓል።

እኔ 36 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። አሁን አዘዞ በምኖርበት ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሕዝብ ፒራሚድ፣ ማለትም የሕዝቡን ብዛት በዕድሜ ከፍሎ ሕፃናቱን ከታች አረጋውያኑን ከላይ የሚያሳየውን ሥዕል፣ በጠመኔ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ከቀብሩ ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ የዚያችን ጎጥ ፒራሚድ በሐሳቤ ሣልኩት። ከታች ሕፃናት አሉ፣ ከላይ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ፤ መካከሉ ግን ተቦርቡሯል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያ የተቦረቦረ ወገብ በምንሠራበት ቁጥር ውስጥ ስለማይታይ ነው።

በእጃችን ያለው የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ አራተኛው ቆጠራ ግን ደጋግሞ እየተራዘመ እስካሁን አልተካሄደም። በ1999ኙ ቆጠራ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 207,044 ነበር፤ በ1987ቱ 112,249። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች አዘዞንና ማራኪን በእግሩ የዞረ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ቆጠራ ከአማራ ክልል ሕዝብ ከመቶው አሥራ ሁለት ያህሉ ብቻ የከተማ ነዋሪ ነበር። በአገር ደረጃ ከሕዝቡ 45 በመቶው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ነበር፤ ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ አምስት ያህል። ይህችን «ከመቶ አምስት» በብዙ ስብሰባ ላይ ሰምቻታለሁ። ትንሽ ስለሆነች ጉዳዩ ለነገ የሚቆይ ይመስላል።

ድርሻ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚያሳስት ለማሳየት፣ ተማሪዎቼን የማሠራቸውን ስሌት ላስቀምጥ። ምሳሌ ነው እንጂ የየትኛውም ቀበሌ ቁጥር አይደለም። አንድ ሺህ ሰው ባለበት ቀበሌ ስድሳ አረጋውያን ቢኖሩ ድርሻቸው 6 በመቶ ነው። ሁለት መቶ ወጣቶች ለቀው ቢሄዱ አረጋውያኑ ያው ስድሳ ናቸው፤ ድርሻቸው ግን 7.5 በመቶ ይሆናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት መቶ ሕፃናት ቢወለዱ ተመልሶ 6 በመቶ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በሬ የሚጠምድ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ሕመምተኛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ግን ከቀበሌው ወጥቷል። የእኛ ገጠር ይህን ይመስላል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የገጠር ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.2 ልጆች ትወልዳለች፤ የከተማዋ 2.3። ሕፃናቱ ብዙ ስለሆኑ አረጋውያኑ ከኋላቸው ተሰውረዋል። የክልላችን አማካይ በዚያው ጥናት 3.7 ነው፤ ከአገሪቱ 4.6 ያነሰ። መጋረጃው እየሳሳ ነው ማለት ነው፤ ሰውም ከቀድሞው ይልቅ ዕድሜ እያገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው 47 ዓመት ያህል ነበር፤ አሁን ከ65 አልፏል።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርገው ልጥቀስ። አሜሪካኖች እንደ እኛ ወረዳ ያለ «ካውንቲ» የሚሉት አስተዳደር አላቸው፤ ከሦስት ሺህ በላይ ነው። ከአሥር ዓመቱ ቆጠራ ሌላ በየዓመቱ የናሙና ጥናት ያካሂዳሉ፤ የአምስት ዓመቱን መረጃ እያደመሩም ለእያንዳንዱ ካውንቲ፣ ለትንሹም ጭምር፣ በየዕድሜ ክልሉ ስንት ሰው እንዳለ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በሰበሰቡት መረጃ ከገጠር ነዋሪያቸው 17.5 በመቶው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ከከተማው 13.8 በመቶው። ቨርሞንትና ሜይን በሚባሉት ግዛቶች ከአረጋውያኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ገጠር ነው። እዚያም አንዱ ምክንያት የሄደው ወጣት ነው። እዚያ ግን ገጠሩ የሚወልደው ብዙ ስላልሆነ የወጣቱ መሄድ በድርሻው ላይ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ የእነሱን መለኪያ እንዳለ ወስደን «የእኛ ገጠር ገና ወጣት ነው» ብንል እንሳሳታለን። ከእነሱ መውሰድ ያለብን በየወረዳው የመቁጠር ልማዱን ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ እዚያችው ጎጥ ነው ያለችው። ባሏ ከሞተ ቆየ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿ መተማ ናቸው፤ ሴቷ ጎንደር ሰው ቤት ትሠራለች። ከእታለም ጋር የሚኖረው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጇ ነው። መሬት አላት፤ ደብተሯም በሳጥን ተቆልፎ ተቀምጧል። በሬ ግን የላትም፤ ቢኖራትም የሚያርስ የለም። ስለዚህ ለእኩል ሰጥታዋለች። የእኩል አራሹም ስድሳን ያለፈ ነው፤ የራሱን ጨርሶ የእሷን ሲደርስ ዘሩ ወቅቱን ያልፋል። ባለፈው ዓመት ገብሱ እንዲህ ነው የቀረው። በአንድ መዝገብ ላይ ይህ ቤት «ባለ መሬት፣ የቤተሰብ ብዛት ሁለት» ተብሎ ነው የሚታየው። ከዚህ ላይ እታለም ችግረኛ መሆኗን የሚያነብ ሰው ይኖራል?

ወጣቱ መሬት ትቶ ሄደ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የትኛውን መሬት? በክልላችን የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ በእጁ ያለው የአባቱ ቁራሽ ነው፤ እሱንም ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ። አባትየውም እስኪሞት ድረስ ማሳውን አይለቅም፤ ቢለቅ በምን ይኖራል? ለገበሬ ጡረታ የለም። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ አለው፤ ከ2003ቱ አዋጅ ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛውም ገብቶበታል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጠላ ሻጯ፣ አናጢው ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ጡረታቸው መሬታቸውና ልጃቸው ነበር። ልጁ ሲሄድ መሬቱ ብቻውን ጡረታ አይሆንም።

እንደ በለሳና ጃናሞራ ባሉ ወረዳዎች ሴፍቲኔት አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ። ጉልበት ላለው ሥራ፣ ለማይችለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ለብዙ ባልቴት ነፍስ ያቆመ ነገር ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም። ግን ሴፍቲኔት በሌለበት ወረዳ ያለች ባልቴት ከበለሳዋ በምን ትለያለች? ወረዳው ምርታማ ስለተባለ በውስጡ ያለው አቅመ ደካማ ሁሉ ምርታማ አይሆንም።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። እታለምን ለመታወቂያ ምዝገባ አንድ ቦታ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ጨዋም ነው። «እማማ፣ የተወለዱበት ቀን?» አላት። «ደርግ ሲገባ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነበር» አለችው። ልጁ ደርግ መቼ እንደገባ በቃሉ አያውቅም፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፊቷን አይቶ አንድ ቁጥር ጻፈ። በዚያ ቁጥር መሠረት እታለም ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በ66ቱ አብዮት ልጇን የታቀፈችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው ብንል ወደ ሰባ ትጠጋለች። ለአረጋዊ የሚሰጥ ማንኛውም ቅድሚያ በዚያች የብዕር ጭረት ቀርቷል። ጣቷም መሣሪያው ላይ አልነበበ አለ፤ ስልሳ ዓመት ድንጋይ ወፍጮ የገፋ፣ አመድና እሳት የነካ ጣት መስመሩ ተፍቋል። ሦስት ጊዜ በጨርቅ ጠርገው ሞከሩ። «ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ ስንወጣ።

ይህ የአንድ ጸሐፊ ጥፋት አይደለም። ገጠር ያደገ ሽማግሌ ዕድሜውን በቁጥር ሳይሆን በዘመን ነው የሚያውቀው። ቆጣሪዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ የክስተቶች መዘርዝር ይዞ መጠየቅ። በ66ቱ አብዮት ጊዜ አግብተው ነበር? በ77ቱ ድርቅ ስንት ልጅ ነበረዎት? ኢሕአዴግ ሲገባ፣ በኤርትራው ጦርነት ጊዜ፣ በሚሊኒየሙ? ከየወረዳው የራሱን ክስተት፣ ደብሩ የተሠራበትን ዓመት፣ መንገዱ የገባበትን ጨምሮ በአንድ ገጽ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህ ካልተደረገ ሁሉም ሰው ሃምሳ፣ ስድሳ፣ ሰባ ላይ ይከመራል፤ ቁጥሩም የጸሐፊው ግምት እንጂ የሕዝቡ ዕድሜ አይሆንም።

ከተማው የተሻለ ነው የሚል ካለ በማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ ይቁም። ከተቀመጡት እናቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ልጅ ፈልገው የመጡ፣ ልጅ ያጡ። ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች አሏት፤ የቀን ሠራተኛውም ይጎርፍባታል። ስለዚህ በመቶኛ ሲሰላ አረጋዊው ከከተማው የጠፋ ይመስላል። በእድራችን መዝገብ ላይ፣ ከስማቸው አጠገብ ማንም ጎልማሳ ያልተጻፈላቸውን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አንድ ማታ መቁጠር ጀመርኩ፤ በሁለት እጄ ጣቶች አልጨረስኩም። በቀበሌ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ይዘው የሚኖሩ ናቸው። አንዲቱ ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ፤ ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ጋርዶባቸው በዳሰሳ ነበር የሚፈትሉት። የጎረቤት ልጅ ሆስፒታል ወስዳ አስቀደደቻቸው። አሁን ፊቷን ያያሉ። ማንም ሳያስተውላቸው ስንት ዓመት እንደቆዩ ሳስብ ያመኛል።

ስለ ጎልማሳዎቹም ልናገር፤ ሰዎች አረጋዊ ሲባል ሰማንያ ዓመት ብቻ ያስባሉና። ከአርባ አምስት እስከ ስድሳ ያለው ሰው ዛሬ ገጠሩን በትከሻው ይዞታል። የሃምሳ ዓመቷ ሴት አማቷን ታጥባለች፣ የሄደ ልጇን ልጅ ታሳድጋለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ የቀረውን ማሳ ታርማለች። የደም ግፊቷን የለካ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በአሥራ ስድስት ፓኬጅ ነው፤ ትኩረቱም እናትና ሕፃን፣ ንጽሕና፣ ተላላፊ በሽታ ነበር። ትክክል ነበር፤ ሕፃናት በየቤቱ ይሞቱብን ነበርና። ግን ያኔ ሠላሳ ዓመት የነበራት እናት አሁን ከሃምሳ አልፋለች። በአሥር ዓመት ውስጥ እሷ ራሷ ጧሪ የምትፈልግ ትሆናለች። እንግዲህ አሁን የጎልማሳውን ቁጥር በየቀበሌው ካላወቅን፣ ነገ ስንት አረጋዊ እንደሚኖረን በምን እናውቃለን?

የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። አብዛኛው መረጃ አለ። በየጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የቤተሰብ ፎልደር አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በየቤቱ እየዞሩ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ጾታና ዕድሜ የጻፉበት። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደትና ሞት በቀበሌ ይመዘገባል፤ ያልተሟላ ቢሆንም ጅምር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ገባ እያለ ቤት ለቤት ይከታተላል። እንዲህ ያለ ሀብት በአቅራቢያው ያለው አስተዳደር ብዙ አይደለም። የዳባቱን ልምድ ይዘው የዩኒቨርሲቲው መምህራን ቅጹን ቢያዘጋጁ፣ ቀበሌዎች ፎልደሩን ቢገለብጡ፣ እድሮችና ሰበካ ጉባኤዎች ስም እያነበቡ ቢያርሙ፣ በአንድ በጋ ይጠናቀቃል።

ቅጹ ሦስት የዕድሜ ክልል ቢለይ ይበቃል፦ ከ45 እስከ 59፣ ከ60 እስከ 74፣ 75ና ከዚያ በላይ፤ ወንድና ሴት ተለይቶ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን አንዲት ጥያቄ እንድትጨመር ነው፦ «ከአረጋዊው ጋር በዚህ ቤት የሚኖር፣ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ጎልማሳ አለ ወይ?» መልሱ «የለም» የሆነበት ቤት ዝርዝር ነው የእርዳታው፣ የጤና መድኑ ነፃ አባልነት፣ የዓይን ሕክምናው ዘመቻ መነሻ መሆን ያለበት። ክረምት ሳይገባ እነማን ማሳቸው በጋራ እንዲታረስላቸው እንደሚገባም ከዚያው ዝርዝር ይታያል። ደቦ አልጠፋም፤ ማን ጋ መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ነው ያጣው።

ለከተማ አስተዳደራችን ለብቻ የምለው አለ። በእናንተ ሥር የገጠር ቀበሌዎችም አሉ፤ ስለዚህ ገጠርና ከተማን በአንድ ቅጽ አስተያይቶ ለመጀመር ከእናንተ የሚቀርብ የለም። ከአዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ አንድ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጣችሁ ሞክሩት። ውጤቱንም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ስም ሳይሆን ቁጥር። ሕዝቡ የራሱን ቁጥር ሲያይ ይናገራል፣ ያርማል፣ የተረሳውን ያመጣል። ለዞኑ ደግሞ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ይላል። «አቅም በፈቀደ» የሚለውን አልቃወምም፤ አቅማችንን አውቃለሁ። አቅም ማነሱ ግን ያለችዋን ብር የት እንደምናደርሳት ይበልጥ እንድናውቅ ነው የሚያስገድደን።

የእኛ እድር ጉባኤ በጉዳዩ ተነጋግሮ ተስማምቷል። አባላቱ መዝገባቸው ለዚህ ሥራ እንዲውል ፈቅደዋል፤ ሁለት መምህራንና አንዲት ጡረተኛ ነርስ ያለ ክፍያ ለመዞር ተመዝግበዋል። የክስተቶቹን መዘርዝር እኔ ጀምሬዋለሁ፤ የወገራውን እታለም ናት የምታርመኝ፤ ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለች። ቅጹን የሚቀበለን ባለሙያ እንድትመድቡልን ብቻ ነው የምንጠብቀው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ መንገዱ የሚደርቅበት፣ አጨዳውም አልቆ የሄደው ጥቂቱ ለጥምቀት የሚመለስበት ነው፤ ቤት ለቤት ለመዞር ከዚያ የተሻለ ወቅት የለንም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርና የእድር ጸሐፊ
አዘዞ፣ ጎንደር